የእትዬ ወርቅአየሁ ደጃፍ

«የአያ ይኸነውን የበግ በረት እንኳ አንኳኩታለች! በጎቹን እንደምን አደራችሁ፣ ውሃችሁ በየት ይወጣል ብላ ጠይቃ ነው ድንጋይ ያነጠፈችላቸው» ይላሉ እትዬ ወርቅአየሁ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ። «የኔን በር ግን ሰው እንደሌለበት ቤት ዝልል!»

«ይተዉት እንጂ እትዬ ወርቄ፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለች ጎረቤታቸው እህተማርያም።

«ሥራ? ለበግ ጊዜ ያለው ሰው ለአክስቱ ያጣል?»

ከአጥሩ ወዲህ፣ መንገዱ ላይ፣ ፋና ተንበርክካ በድንጋዮቹ መሃል አሸዋ ትጠርጋለች። ስሟ ባይጠራም የምትታማው እሷ መሆኗን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም፤ እትዬ ወርቅአየሁ የአባቷ እኅት ናቸው። እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ መጥረጊያውን ከድንጋዩ ጋር ታፋጨው ጀመር። ዛሬ ይኸው ነበር የቀራት! የቆሰበርን ከተማ እንደ ልማዱ የሸፈናት የጧት ጉም ገና ከባሕር ዛፎቹ አናት አልተነሣም። ከቀትር በፊት ኢንጂነሩ መጥቶ የሰፈሩን ኮብልስቶን ይረከባል፤ ነገ በማለዳ የፋና የድንጋይ አንጣፊዎች ማህበር ዕቃውን ጭኖ ዳንግላ ይገባል። እዚያ ሌላ መንገድ ይጠብቃቸዋል። ዳንግላዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የያዛችሁትን አስረክባችሁ ኑ፣ ጅምር ጥሎ የመጣ እኛም ጋ ጥሎ ይሄዳል። ፋና ይህን በስልክ ስትሰማ ደሟ ፈላ፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን እሷም ብትሆን ሌላ እንደማትል ገባት።

ስለ ሥራ መጨረሻ የራሷ እምነት አላት። ድንጋይ አነጣጠፍ ኮሌጅ ገብታ አልተማረችም። ከሌላ አገር የመጡ አንጣፊዎች አስፋልቱ ዳር ሲሠሩ አጠገባቸው ቆማ፣ ሲሰለቿት ደግሞ አሸዋ እያቀበለች፣ በኋላም በስልኳ ቪዲዮ እየከፈተችና እያቆመች ነው የለመደችው። ይህን ስትናገር አፍራ አታውቅም፤ እንዲያውም ማንም ሳይጠይቃት ትናገረዋለች። ሥራ አስጀማሪ ሞልቷል፤ ሪባኑ አለ፣ ካሜራው አለ፣ ለስላሳው አለ። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ሌላ ሥራ ይዞታል። የተረፈው አሸዋ ሰው ደጅ ላይ ተከምሮ ይቀራል፤ ዝናብ ወደ ቦይ ያወርደዋል፤ ቦዩ ይደፈናል፤ ሰፈሩም «እነዚያ» እያለ ልጅ አሳድጎ እስኪድር ይረግማል። «ሠርግም የሚታማው በመጨረሻው ገበታ ነው» ትላለች ፋና።

ስለዚህ ጧቱን ሙሉ ሰዉን ፋታ አሳጣችው። ከየቤቱ የተዋሱት ባልዲና ጋሪ ታጥቦ ወደየባለቤቱ ተመለሰ። የተረፈው ድንጋይ ትልቁ ለብቻ፣ ትንሹ ለብቻ ሆኖ ቀበሌው ግቢ ተደረደረ፤ ነገ አንዱ ቢነቀል መተኪያው አይጠፋም። አንድ መኪና አሸዋ ከነጥጃዋ ላም በሚስተካከልበት ዘመን የተረፈው አሸዋ እስከ መጨረሻው እፍኝ ተዝቆ እዚያው ገባ። ምላሱ እንደ መዶሻው የማያርፈው አንጣፊው ደጉ አካፋውን ተደግፎ ቆመና፦

«እኔ የምልሽ ፋንዬ፣ መንገድ ሠርተን ነው የምንሄደው ወይስ ሰፈሩን አጥበን?» አላት።

«አንተ ራስህን ብታጥብ ሰፈሩ ይበቃው ነበር» አለችው።

ሳቁ። ፋናም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ቆርቆሮው አጥር ዘወር ስትል ተሰበሰበ።

ወደዚያ ቤት የገባችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። አባቷ አዲስ ቅዳም በምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ እየተከለ ከሰል የሚያከስል ገበሬ ነው፤ ልጅቷ ከተማ ትማር ብሎ ለእኅቱ ሰጣቸው። እትዬ ወርቅአየሁም ልጅ ስላልነበራቸው እንደ ልጅ ያዟት፤ ድንች ሸጠው ደብተር ገዙላት፣ ጸጉሯን እየጎነጎኑ አገውኛ የቀላቀለ አማርኛዋን አረሙላት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከዚያ ሁሉ ሰው ጥቂቱ ብቻ ሲያልፍ ፋና ከጥቂቶቹ አልነበረችም። እትዬ ወርቅአየሁ የሒሳብ ሥራ በክፍያ ትማር ብለው ብር ማጠራቀም ጀመሩ፤ እሷ ደግሞ አንድ ቀን ጉልበቷ ድረስ አሸዋ ለብሳ ገባች። «ወንድሜ ልጁን የሰጠኝ ለብዕር ነው እንጂ ለድንጋይ አይደለም» አሏት፤ ያውም ሰው ፊት። «እንግዲያ ብዕሩን እርስዎ ይያዙት» ብላ ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ገበያ እየዋሉ፣ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ» «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላሉ፤ ተራ እንደሚለዋወጡ ዘበኞች። ከዚያ የሚያልፍ ቃል አንዳቸውም አያወጡም። ሁለቱም ቀድሞ የሚናገረውን ሰው ይጠብቃሉ፤ በዚህ በዚህ አክስትና የወንድም ልጅ መሆናቸው ያስታውቃል።

የማንኳኳቱ ነገር ደግሞ የማህበሩ ደንብ ነው፤ ያመጣችውም ራሷ ፋና ነች። በመጀመሪያ ሥራቸው ማንንም ሳይጠይቁ አነጠፉ፤ መንገዱ በተመረቀ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ሞቱና የለቅሶ ድንኳን ሊተከል ሆነ። ካስማ በድንጋይ ላይ አይቸነከርም፤ ጎረቤቱ ድጅኖ ይዞ ወጥቶ አዲሱን መንገድ ነቅሎ ጣለው። ፋና ያን ዕለት ለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጣ፣ ለሟች ይሁን ለድንጋዩ ሳይታወቅ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየበሩ ይንኳኳል፣ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ውሃችሁ በየት ይወጣል፣ በራችሁ ወዴት ይከፈታል፣ ድንኳን ስትጥሉ ካስማው የት ይሁን? ለካስማው ቦታ በእጅ የሚነሡ፣ ተመልሰውም የሚገቡ ድንጋዮች ይተዉላቸዋል። የእትዬ ወርቅአየሁ በር ጋ ስትደርስ ፋና እጇን አንሥታ ነበር። አንሥታ መለሰችው። ያደግሁበት ቤት ነው፣ ምኑን እጠይቃለሁ? ለደጉ እዚያው ቆማ እንደ ጸሎት አወረደችለት፤ ውሃው በጓሮ ነው፣ በሩ ወደ ውስጥ ነው፣ ካስማው ከቆሶው ዛፍ ጎን ነው። ደጉም እንዳለችው አነጠፈ።

ኢንጂነር መሳፍንት ረፋዱ ላይ በሞተር ሳይክል መጣ። ወጣት ነው፤ ሱሪውን ከጭቃ ለማዳን ካልሲው ውስጥ ከትቷል። ገመድ ዘረጋ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ርዝመቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ቀጥ ያለ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ» አለ። ፋና ግን ገና የራሷ ፈተና አላት፤ «ውሃ ማውረድ» ትለዋለች። ላይኛው ጫፍ ላይ በርሜሎች ተሞልተው ተደርድረዋል። ሰፈሩ ይህን ሰምቷልና ሴቱም ወንዱም በየደጁ ወጥቶ ቆሟል፤ አያ ይኸነውም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የምርቃቱ ሰው እሳቸው ናቸውና ከሁሉ ፊት ቆመዋል። ደጉና ጓደኞቹ በርሜሎቹን በአንድ ላይ አጋደሙ። ውሃው እንደተፈታ ጥጃ ወረደ። መሃል ለመሃል ሳይሆን ወደ ዳር፣ ወደ ቦዩ፣ ልክ እንደታሰበለት። ፋና አብራው ትወርዳለች፤ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ፣ የእህተማርያምን ደጅ አለፈ፣ የወፍጮ ቤቱን አለፈ። እትዬ ወርቅአየሁ ደጃፍ ሲደርስ፣ ከመግቢያቸው ጥርብ ድንጋይ ፊት፣ እንደ ደከመው መንገደኛ አረፍ አለ። የሚሄደው ሄደ። ሰፌድ የምታህል ኩሬ ግን እዚያው ቀረች።

ደጉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለዶሮዎች ብለን ነው የሠራነው እንበል?»

«አይ፣ ምንም አይደለም» አለ ኢንጂነር መሳፍንት፤ እውነቱን ነበር። «ትንሽ ረገብ ብሏል፤ ይሄ የሚፈቀድ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል። እኔ እፈርማለሁ።» እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ።

ፋና ኩሬዋ ዳር ቁጢጥ ብላ አንዱን ድንጋይ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ድንጋዩ እንደ ጥርስ ተነቃነቀና ከጎኑ ጥቁር ጭቃ ተፋ። ከሥሩ ያስገቡት አሸዋ ንጹሕ ነበር። ጭቃው ከየት መጣ? ይህን ስታስብ የቆርቆሮው በር ተከፈተና እትዬ ወርቅአየሁ የዕቃ እጣቢ የሞላ ሳፋ በወገባቸው ይዘው ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ላይ መቆሙን ያላዩ መስለው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ኩሬዋን በጎን ዞረው፣ መንገዱን እስከ ታች ወርደው ትልቁ ቦይ ውስጥ ደፉት። እንደዚያው ቀጥ ብለው ተመለሱ። በሩ ተዘጋ።

«ድንጋዩን ካነጠፋችሁ ጀምሮ እንዲህ ናቸው» አለች እህተማርያም በሹክሹክታ። «ጧትም ማታም።»

«ለምን? ውሃቸው በጓሮ አይደል የሚወጣው?»

«ኧረ ድሮ! ጓሮውን የተከራይ ቤት ሠሩበት እኮ። ዩኒቨርሲቲው ከመጣ ወዲህ ጓሮ የተረፈው ማን አለ? ውሃው በደጅ፣ በዚያ በጥርቡ ድንጋይ ሥር ከሆነ ቆየ። መጀመሪያ ደፍተውት ነበር፤ ዘግታችሁታል መሰለኝ ተመልሶ ግቢ ገባባቸው።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«‹አፍሽን ያዢ፣ የሚጠይቅ ሰው ካለ ይጠይቅ› አሉኝ። ምን ላርግ? የሳቸውን አፍ ታውቂው የለ?»

«ቤቱን አውቃለሁ ያለ ሌባ ምሰሶ ገጨ» አለ ደጉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለአካፋው ነው የተናገረው።

ፋና ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ። የኢንጂነሩ እስክሪብቶ ክዳኑ ተከፍቷል። ዝም ብትል ፊርማው ይፈረማል፣ ነገ መኪናው ይመጣል፣ ዳንግላ ትገባለች፤ ኩሬዋንም እውነትም ፀሐይ ታደርቃታለች። አክስቷም ክረምት ከበጋ ሳፋ ይዘው ይመላለሳሉ፤ ሲመላለሱ ሰው ያያቸዋል፤ ሰው ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው። እነዚያ ናቸው ይባላል። ከሁሉ የከበዳት ግን ይህ አልነበረም። ሰፈሩ ሙሉ ባለበት በገዛ እጇ የተነጠፈውን በገዛ እጇ መንቀል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ያን በር ማንኳኳት ነበር። ድንጋዩ ይቀላል፤ ድንጋይ ድጅኖ አለው።

«አይፈርሙ፣ ኢንጂነር» አለች ተነሥታ። «አላለቀም።»

«አልቋል እያልኩሽ! ዛሬ ካልተረከብኩ ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ነገ ጫግኒ ነኝ።»

«ማምሻውን ይመለሱ። አልቆ ይጠብቅዎታል።»

ኢንጂነሩ ሰማዩን አየ፤ ከምዕራብ በኩል ደመናው መጥቆር ጀምሯል። «ዝናቡ ቢቀድመኝስ?»

«እንግዲያማ ዝናቡ ይፈርማል» አለች።

እጇን በሱሪዋ ጠረገች። ሻሿን አስተካከለች፤ ከዚያ ማስተካከሏ አናደዳትና መልሳ አበላሸችው። የቆርቆሮውን በር አንኳኳች። ከውስጥ ድምፅ አልመጣም፤ እትዬ ወርቅአየሁ እዚያው ከበሩ ወዲያ ቆመው እንደነበር በሩ ሥር የሚታየው ነጠላ ጫማቸው ይናገራል። ደግማ አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እታለም። ፋና።» ከልጅነቷ ጀምሮ «እታለም» ነበር የምትላቸው፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነውና ሻካራ ሆኖ ወጣ።

«በሩ ክፍት ነው» አሉ፤ አልነበረም፤ ከፈቱት።

ቤቱ ያው ነው፤ ያውም አይደለም። ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፤ ጓሮ የነበረበት በኩል የተከራዮቹ ክፍሎች ተደርድረው በየበሩ ላይ የተማሪ ካልሲ ተሰጥቷል። ማድ ቤቱ ወደ ፊት መጥቶ ከበሩ ጎን ተለጥፏል። የዶሮ ቤት እንኳ ለተማሪ በሚከራይበት በዚህ ዘመን ግን ከሳሎኑ ቀጥላ ያለችው ትንሿ ክፍል በሯ ገርበብ እንዳለ ነው፤ አልጋዋ ተነጥፏል፣ ላዩ ላይ ያ የልጅነቷ ቀይ ባለ አበባ ብርድ ልብስ አለ። ፋና አይታ እንዳላየች ሆነች። እትዬ ወርቅአየሁም ማየቷን አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና የጀመሩትን ድንች መላጥ ቀጠሉ። ልጣጩ ሳይቆረጥ እየተጠማዘዘ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል። ፋና ቆመች። ቁጭ በይ አልተባለችም፤ ሂጂም አልተባለችም። ውጭ የደጉ ሳቅ ይሰማል፤ እዚህ ቢላዋው ብቻ።

«ድንች ስንት ገባ?» አለች በመጨረሻ።

«ሠላሳ ብር። የአዲስ ቅዳሙ ሲሆን። የቆሰበሩ ውሃ ነው፤ ይበስላል እንጂ አይጣፍጥም።»

«አባባ ዘንድሮ ድንች ብዙ አልተከለም።»

«አውቃለሁ። ደውሎልኛል። እሱስ ይደውላል።»

ፋና ልትናገር የመጣችው ብዙ ነበር፤ አጥፍቻለሁም ከውስጡ ነበረበት። ግን አፏ ላይ የመጣላት የለመደችው ነው፤ በየበሩ ቆማ ስትለው የከረመችው፤ ድምፅዋም እንደዚያው እንደ ሥራ ሰዓቷ ሆነ።

«እታለም፣ መንገድ እየሠራን ነው። ውሃዎ በየት ይወጣል?»

የእትዬ ወርቅአየሁ ቢላዋ ቆመ። አዩዋት፤ ከጫማዋ እስከ ሻሿ።

«በደጅ ነው» አሉ። «በጥርቡ ድንጋይ ሥር። የማድ ቤቱም የተከራዮቹም።»

«በርዎስ? ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ውጭ ሆኗል። ተማሪዎቹ ሲገቡ ሲወጡ እየገጩኝ አስቀየርኩት።»

«ድንኳን ቢጣል ካስማው የት ይሁን?»

«ለሠርግ ነው ለለቅሶ?»

«ለሁለቱም ነው የምንጠይቀው።»

«ለኔ ለቅሶ ከሆነ አትቸኩዪ። ለሠርግ ከሆነ ከአጥሩ ጎን አድርጊው፤ ቆሶውን ላስቆርጠው ነው።»

«የማን ሠርግ አለ እዚህ ቤት?»

«ድንጋይ ካላገባች የአንዷ ሠርግ ይኖራል» አሉ፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሶ ተመልሶ ተደበቀ።

ፋና መሬት መሬቱን አየች። «ያን ሁሉ ቀን ውሃ ተሸከሙ። አንድ ቃል ቢልኩብኝ ምን ነበረበት?»

«እኔ ውሃ ብሸከም ምን አለ? አንቺ ድንጋይ ትሸከሚ የለ?» ድንቹን ሳፋው ውስጥ ጣሉትና ተነሡ። «በይ አሁን ንቀይ። ደመናውን አላየሽም?»

ከቀትር በኋላ ያ ደጃፍ ቀዶ ጥገና ክፍል መሰለ። ድንጋዮቹን አንድ ባንድ ነቅለው እንደ አመጣጣቸው ደረደሩ፤ ከሥሩ የራሰው ጭቃ ተዛቀ፤ ፋናም ጧት ራሷ ወደ ቀበሌው ያስገባችውን አሸዋ በገዛ ጋሪዋ መለሰችው፤ ደጉ ይህን አይቶ አለመናገር ስላቃተው እያፏጨ ተከተላት። የመግቢያው ጥርብ ድንጋይ የእትዬ ወርቅአየሁ ባል በሕይወት ሳሉ ከዘንገና ሐይቅ በኩል በፈረስ ጋሪ ያስመጡት ነው፤ ለማንሣት አምስት ወንዶች ተደረቡ። እትዬ ወርቅአየሁ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያዛሉ፤ «ወደ ግራ! ግራ አታውቅም እንዴ አንተ? መስቀል የምታማትብበት አይደለም፣ በሌላኛው በኩል!» አያ ይኸነው ምርኩዛቸውን ዘርግተው በአገውኛ ይቆጣሉ፣ የማይገባው ሁሉ «እሺ» ይላል። ከሥሩ ቱቦ ተቀበረ፤ አፉ ከቦዩ ጋር ተገናኘ። ፋና ሲባጎዋን ወጥራ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ መልሳ አነጠፈች። እዚህ ጋ ማንንም አላስነካችም። ድንጋዩን ታገላብጠዋለች፣ ፊቱን ትመርጥለታለች፣ በጎማ መዶሻዋ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ድምፁ ባዶነቱ ቀርቶ ጠጣር ሲሆን ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ከአጥሩ ጎን ለካስማው የሚነሡትን ተወች። አክስቷ ከኋላዋ ቆመው እጇን ሲያዩ ቆዩ።

የመጨረሻው መገጣጠሚያ አሸዋ ሲጠጣ ዝናቡ ወረደ። ወረደ ሲባል እንደ ቆሰበር ዝናብ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የለውም። ሰዉ ሁሉ ወደየታዛው ሮጠ፤ ኢንጂነር መሳፍንትም ሞተሩን እየገፋ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ወሽቆ፣ እትዬ ወርቅአየሁ ታዛ ሥር ተጠለለ። ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚያየው። ውሃው ከላይ ጎርፎ መጣ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ደጃፉን አለፈ፤ አላረፈም። እትዬ ወርቅአየሁ ገቡና የድንች እጣቢውን ሳፋ ይዘው ወጡ። ሰው ሁሉ እያያቸው ከግቢያቸው ቦይ ላይ ቸለስ አደረጉት። ጥርቡ ድንጋይ ሥር ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ማዶ፣ ከቱቦው አፍ፣ አንዲት የድንች ልጣጭ አስቀድማ ወጣች፤ ውሃውም ተከተላት። እህተማርያም እልልታዋን አቀለጠችው። ለድንች ልጣጭ እልል ሲባል ቆሰበር ያን ቀን አየች።

«በደንቡ መሠረት» አለ ኢንጂነሩ ዝናቡን በድምፁ ለመብለጥ እየጮኸ፣ «ከነዋሪው ቅሬታ ያለው አለ?»

«አለ» አሉ እትዬ ወርቅአየሁ።

እልልታው ተቆረጠ። ደጉ ዓይኑን ጨፈነ። ፋና ወደ አክስቷ አልዞረችም፤ ዝናቡን ነው የምታየው።

«ቅሬታዬ በልጅቷ ላይ ነው» አሉ። «በመንገዱ ላይ የለኝም።»

ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን ይዞ ግራ ተጋባ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ የሚጻፈው እኮ የመንገዱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ፈርም!»

ተፈረመ። አያ ይኸነው ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው መረቁ፤ የሄደ በሰላም ይመለስበት፣ የወጣ በሰላም ይግባበት፣ ሠርግ እንጂ ሬሳ አይለፍበት፣ የሠሩት እጆች አይዛሉ። «አሜን» ሲባል ከዝናቡ በላይ ተሰማ። ፋና ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ልቧ ሙልት አለ፤ እንደዚያ ሲሆንባት ደግሞ ሰው ፊት መቆም አትወድምና ዕቃ ልሰብስብ ብላ ልትሄድ ስትል፣ «ወዴት ነው?» አሏት አክስቷ። «ድንቹን ማን ሊበላው ነው የላጥኩት?»

አንጣፊዎቹ ሁሉ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ሰማያዊው ሳሎን ውስጥ ተደረደሩ። ድንቹ ከነእንፋሎቱ በትሪ መጣ፣ ሚጥሚጣው በጎን። ደጉ አምስተኛውን ሲያነሣ «የቆሰበር ድንች ነው የሚጣፍጠው» አለ፤ እትዬ ወርቅአየሁ የአዲስ ቅዳም መሆኑን ነግረው አሳፈሩት። ፋናን ከትንሿ ክፍል በር አጠገብ ነው ያስቀመጧት።

«ዳንግላ የት ልታድሪ ነው?»

«ማህበሩ ቤት ተከራይቷል።»

«እዚያ ዘመድ የለሽም።»

«የለኝም።»

«ጥሩ ነው። ሁሉንም ታንኳኪያለሽ» አሉና አንድ ትልቅ ድንች መርጠው ፊቷ አስቀመጡላት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መኪና አይጠፋም። አልጋ ደግሞ ሰው ካልተኛበት ትኋን ያፈራል።»

«እሺ እታለም።»

ዝናቡ አባራ። ታች መንገዱን ዘግቶ የከረመውን ገመድ እህተማርያም ሳትፈታው አልቀረችም፣ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ፤ የመጀመሪያዋ ናት። እትዬ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን እየጎተቱ እንደ ቀስት ተፈትልከው ወጡ። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ማኘካቸውን አቁመው አዳመጡ።

«ቀስ በል! ቀስ በል እልሃለሁ! ገና ዛሬ ያለቀ ነው!»

«እማማ፣ መንገድ እኮ ለመኪና ነው የተሠራው» ይላል ሹፌሩ።

«መንገዱ ባለቤት የሌለው መሰለህ? የሠራችው እዚህ ቤት ተቀምጣ ድንች እየበላች ነው። ልጥራልህ?»

ፋና ሚጥሚጣው በዝቶባት እንደሆነ ለደጉ ነገረችውና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ደጉም ሚጥሚጣውን ከፊቷ አንሥቶ ወደ ራሱ አስጠጋው። ውጭ ባጃጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ለቅሶ ቤት መንገደኛ ቀስ ብሎ፣ ደጃፉን አለፈ።